ሦስቱ ነጭ ዛፎች

መጀመሪያ የተሰማው ሳል ነበር። የሰው ሳል አይደለም፤ የሞተር። አንዴ ኽህ ብሎ ዝም አለ፣ ደግሞ ኽህ ኽህ አለና እንደ ተናደደ ተርብ አንድ ወጥ ድምፅ ይዞ ከላይ ካሉት እርከኖች ቁልቁል ወረደ። ራሉ ከወይራዎቹ ሥር ጎንበስ ብላ ብስባሽ እየበተነች ነበር። እጇ አየር ላይ ቀረ። ያንን ድምፅ ነፍስ ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። የመርዝ መርጫ ሞተር ነው።

«በእኔ ማሳ ውስጥ?» አለች ጮክ ብላ፤ የሚሰማት ሰው ግን አልነበረም።

ቅርጫቱን ጥላ ሮጠች። የድንጋዩን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች፣ ቅርንጫፍ ፊቷን እየገረፋት፣ የራስ መሸፈኛዋ እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር እንኳ ዞር ሳትል ሮጠች። ነገ በሦስት ሰዓት የንጹሕ እርሻ ተቆጣጣሪው ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከሚቲሊኒ ይመጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ሰው ነው። በነዚህ ሦስት ዓመታት አንዲት ጠብታ መርዝ እዚህ መሬት ላይ አልወደቀችም። የወይራዋን ዝንብ በየቅርንጫፉ ባንጠለጠለቻቸው ቀዳዳ ጠርሙሶች አጥምዳለች፤ በዛፎቹ መሐል ባቄላ ዘርታ፣ ባቄላውን ሳያፈራ አጭዳ ለአፈሩ መልሳለች፤ ብስባሹን በጀርባዋ ተሸክማ እርከን ለእርከን ወጥታለች። ሰውየው ነገ ቅጠል ቆርጦ፣ አፈር ዘግኖ ከፈረመላት የአባቷ ማሳ ንጹሕ ተብሎ ይጻፋል። አንዲት ጠብታ ካገኘ ግን ሦስቱ ዓመት እንዳልነበረ ይሆናል። ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።

ደረሰች። ደርሳም ቆመች።

በማሳው እምብርት ላይ ያሉት ሦስቱ ዛፎች ከሥር እስከ ጫፍ ነጭ ሆነዋል። ሌላው ሁሉ እንደ ወትሮው ግራጫና አረንጓዴ ሆኖ፣ ሦስቱ ብቻ የጧት ፀሐይ ሲያርፍባቸው ዓይን ይወጉ ነበር። እነዚህ ሦስት ዛፎች የራሉ አልነበሩም። በዚህ ደሴት መሬት የአንዱ፣ በመሬቱ ላይ የበቀለው ዛፍ የሌላው መሆኑ የተለመደ ነው። የመንደሩ ልጅ የኢግናቲስ ሴት አያት ስትዳር ሦስቱን ዛፎች ከወላጆቿ በጥሎሽ ተቀበለች፤ ከሷም ወደ ልጅ ልጇ ወረዱ። መሬቱ ግን የራሉ አባት ይዞታ ነው።

ኢግናቲስ መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ፊቱና ሽፋሽፍቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ዞር አለ። ሲያያት ጥርሱ ብልጭ አለ።

«ውይ፣ መጣሽ! ሳታዪኝ ልጨርስ ብዬ እኮ ነው በጧት የመጣሁት» አለ ሞተሩን እያጠፋ። «ሸክላው ነው፤ ያው አንቺ በውሃ የምትበጠብጪው ነጭ ዱቄት። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ዝንቧ እንደ ጉድ ፈልታለች። ከእኔ ዛፍ ላይ ተራብታ ወደ አንቺ እንዳትመጣ ብዬ። ይኸው፣ አሁን ፍሬው ላይ ማረፍ አትችልም።»

የራሉ ልብ ቀለጠ። የፔላጊያ ልጅ፣ እናቱ የተባይ መርዝ በምትሸጥበት ሱቅ ውስጥ ተወልዶ ያደገው ልጅ፣ በሷ መንገድ፣ በሷ ሸክላ፣ ለሷ ሲል በጧት ተነስቷል። ልትስቅ ከንፈሯ ተላቀቀ።

ያኔ ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ዞረ።

ሽታው መጣ። እንደ ነጭ ሽንኩርት ነው፣ እንደ ተቃጠለ ጎማም ነው። ይህን ሽታ ታውቀዋለች። በልጅነቷ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ይውል የነበረው የአባቷ ኮት ሽታ ነው።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ምን ይሸታል?»

«ኢግናቲስ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ምንም! ሸክላ ነው አልኩሽ እኮ። ሸክላ ደግሞ...»

«መርጫው የማነው?»

«የሱቁ ነዋ። ሌላ ከየት አመጣለሁ?»

«መጨረሻ ላይ ምን ነበር የተረጨበት?»

ነጭ በሆነው ፊቱ ላይ ዓይኖቹ ብቻ ተንቀሳቀሱ።

«ሐምሌ ላይ ነው። ግን አጥቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አጥቤዋለሁ፣ በእናቴ እምላለሁ!»

«በእናትህ አትማልብኝ! መርዙን የምትሸጠው ማን ሆነችና!» ትከሻውን ይዛ አዞረችው። «ማጣሪያውን ፈተኸዋል? ቱቦውንስ?»

ቱቦውን ገና ዛሬ እንዳየው ሰው አፍጥጦ አየው። ራሉ ጫፉን በእጇ ጠምዝዛ ፈታችውና ቁልቁል ያዘችው። መጀመሪያ ነጩ ውሃ ፈሰሰ። ከኋላው ቢጫ፣ ወፍራም፣ ዘይት የመሰለ ነገር ቀስ ብሎ መጣና ከጫማዋ አጠገብ ጠብ አለ። ሽታው አፍንጫዋን ዘጋው።

ሁለቱም ያችን ጠብታ አዩ። አንዲት የመሬት ትል ከእርጥቡ አፈር ብቅ ብላ ነበር፤ ጠብታው ሲነካት ተጠቀለለች።

«ራሉ...»

«ዝም በል።»

«አላወቅኩም። በእውነት አላወቅኩም።»

«ዕድሜህን ሙሉ መርጫ መሐል አድገህ ቱቦ እንደሚታጠብ አታውቅም?» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ለናንተ ምን ይታጠባል? መርዝ በመርዝ ላይ ስትጨምሩ የኖራችሁ! እናትህ ብትሆን ኖሮ ድንጋይ አንስቼ እወረውር ነበር። አንተን ምን ላድርግህ? እስቲ ንገረኝ፣ አንተን ምን ላድርግህ?»

«ደጃፍሽ ላይ አንድ ነገር ትቼልሻለሁ፤ እሱን ካየሽ...»

«ከማሳዬ ውጣ።»

«ራሉ፣ ስሚኝ...»

«ውጣ አልኩህ!»

መርጫውን እንዳዘለ ወጣ። በረገጠበት ድንጋይ ሁሉ ላይ ነጭ ዱካ ቀረ። ራሉ በሦስቱ ዛፎች መሐል ቆማ ቀረች። ያንገበገባት መርዙ ብቻ አልነበረም። ነፋሱ ከመዞሩ በፊት የነበረችው ያቺ ቅጽበት ናት። ደስ ብሏት ነበር። ያንን ደስታ ከደረቷ ነቅላ መጣል አቃታት፤ ያ ደግሞ ከሁሉ በላይ አናደዳት።

*

ቤት ስትደርስ አባቷ ስትራቲስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አንድ ፖስታ በጉልበቶቹ መሐል አጣብቆ ይዞ ነበር። በእጁ ሊይዘው አይችልም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለፔላጊያ ሱቅ ተቀጥሮ የሰውን ወይራ ሲረጭ፣ ጀርባው ላይ ታንክ፣ አፉ ላይ አንዲት መሐረብ እንኳ ሳይኖር ኖሮ፣ አሁን እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ማንኪያው አፉ ጋ ሲደርስ ሾርባው ግማሽ ነው። ራሉ መርዝ ወደዚህ መሬት አይገባም ብላ የማለችው ያንን ማንኪያ እያየች ነው።

«ጧት በሩ ሥር አገኘሁት» አለ። «የሱ ጽሕፈት ነው መሰለኝ።»

ቀደደችው። ውስጡ ማኅተም ያለበት የውል ወረቀትና አንድ ገጽ ደብዳቤ አለ።

«ራሉ፣

በቃል ልነግርሽ ስል ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ ጻፍኩት። ትናንት ሚቲሊኒ ሄጄ ሦስቱን ዛፎች በስምሽ አዛውሬአቸዋለሁ። ሰውየው ሲመጣ በማሳሽ ውስጥ የባዕድ ዛፍ እንዳይኖር ብዬ ነው። እናቴ ስትሰማ ቤቱን በላዬ ታፈርሰዋለች፤ ታፍርሰው። አያቴ እነዚህን ዛፎች ይዛ ነው ሙሽራ ሆና የገባችው። እኔ ደግሞ እነሱን ይዤ ወደ አንቺ ብመጣ ብዬ አሰብኩ። ከኔ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም። እምቢ ካልሽም ዛፎቹ ያንቺ ናቸው።

ኢግናቲስ»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከትናንት ጀምሮ ዛፎቹ የሷ ናቸው። ስለዚህ መርዙ የተረጨው በሷ ዛፍ ላይ ነው። ይህ ሰው በአንድ ጧት ልቡንም መርዙንም አምጥቶ በአንድ ስም፣ በሷ ስም፣ አስመዝግቧቸዋል!

«ቂል!» አለች ወረቀቱን በጡጫዋ ጨምድዳ። «ቂል፣ ቂል፣ የማትረባ ቂል!» እንባዋ ግን ቀድሟት ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ፔላጊያ መጣች። ከባሏ ሞት ወዲህ ያላወለቀችውን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ቦርሳዋን በክንዷ ሥር አጥብቃ፣ ሳታንኳኳ ገባች።

«ስትራቲስ፣ እንዴት ነህ?»

«እንደምታዪኝ» አለ ስትራቲስና ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ፔላጊያ ዓይኗን ወደ ራሉ አዞረች።

«ልጄ እንደ ሬሳ ተዘርግቷል። እህል አልቀምስ ብሏል። ምን አልሽው?»

«እርስዎ በጠርሙስ የሚሸጡትን ማሳዬ ላይ ደፋህብኝ አልኩት።»

«በልቡ ክፋት የለም።»

«አውቃለሁ እትዬ ፔላጊያ። ክፋት ቢኖረው እኮ ይቀለኝ ነበር።»

ፔላጊያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ሱቋ ውስጥ ደንበኛ ስታባብል እንደምታደርገው።

«ስሚኝ አንቺ ልጅ። ነገ ሰውየው ይመጣና የማን ዛፍ ነው ይላል። የኢግናቲስ ነው በዪው። የጎረቤት ዛፍ ከሆነ በሦስቱ ዙሪያ መስመር ያሰምርና ሌላውን ያልፍልሻል። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ስንቱ ሱቄ ቆሞ ሲያወራ ሰምቻለሁ። በስምሽ ያዛወረበትን ወረቀት ግን ስጪኝ፤ ሁሉንም ነግሮኛል። ወረቀቱ እጅሽ ላይ ካለ ዛፉ ያንቺ ነው፣ መርዙም ያንቺ ነው።»

«ዛሬ ገና መርዝ ብለው ሲጠሩት ሰማሁ። ሁልጊዜ መድኃኒት አልነበር የሚሉት?»

ፔላጊያ ፊቷ ቀላ። «አፍሽ መቼም ስለት ነው! በዚህ አፍሽ ነው ልጄን ከቤቱ ያወጣሽው። በይ፣ ወረቀቱን መልሺ፤ ከወረቀቱ ጋር ልጄንም መልሺልኝ። ማሳሽን ይዘሽ ኑሪ። ሦስት ዓመት ለትል ስታለቅሺ ኖረሽ ነገ ፊርማው እጅሽ ሲገባ ለአንድ ወንድ ብለሽ ትጥይዋለሽ? እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን አላደርገውም።»

«እርስዎ በእኔ ቦታ ሆነው አያውቁም።»

«ፔላጊያ» አለ ስትራቲስ። «በቃ፣ ሂጂ።»

ሴትዮዋ ተነሳች። በሩ ላይ ቆም ብላ «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አለችና ሄደች።

ራሉ አባቷ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። «ምን ላድርግ አባዬ?»

«እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘዙኝን ስረጭ ኖርኩ» አለ። «ምክር ከእኔ አትጠይቂ ልጄ።» የሚንቀጠቀጥ እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ። ያ እጅ ፀጥ ብሎ ማረፍ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ይርገበገባል፣ እንደ ተያዘች ወፍ። ራሉ ከሱ ሥር ሳትነቃነቅ ቆየች። ቁጣዋ ማን ላይ መውደቅ እንዳለበት ጠፋት።

*

ተቆጣጣሪው ቀጭን፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚንሸራተት ሰው ነው። ብዙ አያወራም። ስትራቲስ አካፋውን ሰጠው፤ ሰውየው በታችኛው እርከን ላይ አንድ ትልቅ ጓል አፈር ቆርጦ አወጣና በጣቶቹ ፈረፈረው። አፈሩ ጥቁር ነው፣ የቂጣ ፍርፋሪ ይመስላል። ትሎቹን ቆጠረ። አሥራ አንድ።

«እንዲህ ያለ አፈር ዘንድሮ በደሴቱ አላየሁም» አለ። «የሞተ መሬት ነበር ይሉኛል።»

«ነበር» አለች ራሉ። ይህን ቃል ሦስት ዓመት ጠብቃለች፤ አሁን ሲመጣ እንደ ስድብ ሆነባት።

ወደ መሐል ወጡ። ሰውየው ነጮቹን ዛፎች ሲያይ ቆመ። አንድ ቅጠል ቆርጦ አሸተተው። ሁለተኛ አሸተተው። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

«የእኔ ናቸው።»

የመለሰችው ራሉ አይደለችም። ኢግናቲስ በታችኛው መንገድ ብቅ ብሎ፣ ያንን መርጫ በእጁ አንጠልጥሎ መጣና ፊታቸው መሬት ላይ አስቀመጠው። ከኋላው እናቱ እያለከለከች ደረሰች። ጺሙ ተንጨፍርሯል፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ገና ነጭ ሸክላ አለ። ራሉን አላያትም።

«ዛፎቹ የእኔ ናቸው። በዚህ የረጨሁትም እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ከዚች ሴት ጋር ምንም ነገር የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም።»

ፔላጊያ ተነፈሰች። ሰውየው «እንግዲያውስ ቀላል ነው» ብሎ እስክሪብቶውን አወጣ። «በሦስቱ ዙሪያ መስመር እናደርግና...»

ኖሮኝም አያውቅም። ራሉ ቃሉ ደረቷ ውስጥ ሲሰበር ሰማችው። በዘይት መጭመቂያው በር ላይ ለመተያየት ተራ ሲለዋወጡ የኖሩበት ጊዜ፣ ባቄላ ውስጥ የደበቀላት ደብዳቤዎች፣ በየቅዳሜው ደረጃው ላይ መጠበቁ፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ተጠርጎ ሄደ። ለምን እንዳለው ታውቃለች። ስላወቀች ነው ደሟ የፈላው።

«ውሸቱን ነው!»

ሁሉም ዞሩ። ራሉ ወረቀቱን ከደረቷ አውጥታ ለሰውየው ዘረጋችለት። «ቀኑን ይዩት። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ዛፎቹ የእኔ ናቸው።»

«እብድ ነሽ?» ጮኸ ኢግናቲስ። «ላድንሽ እኮ ነው!»

«ትናንትም ልታድነኝ ነበር!»

ራሉ ጎንበስ አለችና ከነጩ ዛፍ ሥር አንድ እፍኝ አፈር አነሳች፤ ነጩ ከጥቁሩ ጋር ተለውሷል። በኢግናቲስ አፍንጫ ሥር ያዘችው።

«አሽትተው። ቅጠሉ ያንተ ይሁን እሺ፤ ይሄስ የማነው? ሁሉም የተንጠባጠበው የት ላይ ነው? ወረቀት ባይኖር፣ አንተ ብትዋሽ፣ እኔ ብዋሽ፣ ይሄ አፈር ጠጥቶታል። ጠጥቶታል ኢግናቲስ! ይህን እያወቅሁ ንጹሕ ነው ብዬ ሰው ላበላ? ከእናትህ በምን ልለይ?»

«አይ አፍ!» አለች ፔላጊያ፤ ድምፅዋ ግን አቅም አልነበረውም።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አየ፣ ራሉን አየ። «ከጻፍኩት ከአንድ ነው የሚጀመረው። ገብቶሻል?»

«መቁጠር እችላለሁ። ይጻፉ።»

ጻፈ። ወረቀቱን መልሶ ሰጣትና ቅጠሎቹን በከረጢት ለመክተት ወደ ዛፎቹ ሄደ።

«ሦስት ዓመት» አለ ኢግናቲስ። እንባው በሸክላው ላይ መስመር እየሠራ ወረደ። «ሦስት ዓመት አጠፋሁብሽ።»

«ይቅርታ እንዳትለኝ። አልሰማህም፤ ዛሬ ጆሮ የለኝም። ነገ ጧት አካፋ ይዘህ ና። የነዚህን ዛፎች ሥር አንድ ክንድ ቆፍረን አፈሩን እናወጣዋለን። አንተ ነህ የምትቆፍረው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ብስባሽ ትሸከማለህ። በጀርባህ። እስከ ላይ።»

«ከዚያስ፣ ራሉ?»

ራሉ የውሉን ወረቀት በአራት አጥፋ፣ ለእናቱም ለሱም ሳትሰጥ፣ መልሳ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ኢግናቲስ አየ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ራሉ አሁንም ልትመታው ፈለገች፤ አሁንም ያንን ሸክላ ከጆሮ ግንዱ ላይ በጣቷ ልትጠርግለት ፈለገች። ሁለቱም ፍላጎት እኩል ያቃጥል ነበር።

ሁሉም የፔላጊያን ጩኸት ጠበቁ። አልመጣም። ሴትዮዋ ስትራቲስን እያየች ነበር። ሽማግሌው አካፋውን ተደግፎ ቆሟል፤ የአካፋው ብረት ከሥሩ ያለውን ድንጋይ እየመታ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ድምፅ ያሰማል። ፔላጊያ ወደሱ ሁለት እርምጃ ሄደች። የአካፋው ድምፅ ቀጠለ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ መርጫውን አነሳች። ማሰሪያዎቹን በጥቁር ቀሚሷ ላይ አንድ በአንድ በትከሻዋ አሳለፈች። እንዴት እንደሚታዘል አላወቀችበትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ እነ ስትራቲስን ስታሳዝል ኖራ እሷ አዝላው አታውቅም። ታንኩ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደባት።

«እማዬ?» አለ ኢግናቲስ ብድግ ብሎ። «እማዬ፣ ስጪኝ እኔ ልያዘው። የት ልትወስጂው ነው?»

ፔላጊያ ዞራ አላየችውም። በውስጡ የቀረው ውሃ ጀርባዋ ላይ ጓ፣ ጓ እያለ፣ ከደረጃው አጠገብ ያለውን የድንጋይ ካብ በእጇ እየተደገፈች፣ ቁልቁል ወረደች።